ማንጎ ነው አልኳቸው

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ሳይጠፋ አደረ። ልጄ አሪየት ዋፍል የሚባለውን የፈረንጅ ቂጣ የምትጋግርበትን አዲሱን መጋገሪያዋን ሰካችና ሊጥ መምታት ጀመረች። ጓደኛዋ ሄለን፣ ከደጋ ተመድባ የመጣች ነርስ፣ ለቁርስ ተጠርታ ነበር። ጊዜው ሁዳዴ ነውና ሄለን ወንበር እየሳበች፣ “የጾም ነው አይደል?” አለች።

“በሙዝና በዘይት ብቻ” አለቻት አሪየት።

እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ቢሆንም ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁና የቆሻሻውን ባልዲ ከፍቼ የእንቁላል ቅርፊት መፈለግ ያዝኩ።

“አባዬ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?”

ባልዲውን ማገላበጤን ቀጠልኩ። የጠፋብኝ ነገር ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከባሮ ወንዝ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍሎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው ጋሽ ታደለ ተከራይተናል። እሳቸው ከጎጃም የመጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። እኔ አኙዋክ ነኝ፤ ቤተሰቤ ፕሮቴስታንት፣ አማርኛዬም ከገበያ የለቀምኩት። ማመልከቻ ስጽፍ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አጠገቤ ቁጭ ይሉና፣ “ኦቻላ፣ አትቸኩል እንጂ!” ይሉኛል። ይህን የምጽፍበትን አማርኛ ያቃኑልኝ እሳቸው ናቸው። ነገሩ ይበልጥ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

የዋፍል ብረቱን የተወችልኝ በስደተኞች መጠለያ አብራኝ ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ናት። ሁለት ክዳን ያለው፣ ውስጡ ጉድጓድ ጉድጓድ የሆነ ከባድ ብረት ነው። ከሰል ላይ ማጋል፣ ሊጡን ማፍሰስ፣ መግጠም፣ መገልበጥ፤ በቃ። ከዚህ የቀለለ ቁርስ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ምድጃዬን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አወጣለሁ፤ ጋሽ ታደለ ሻይ አፍልተው ይመጣሉ። ሳምንቱን ሙሉ ያቃጠለንን ሙቀት የምንረሳው ያኔ ነበር።

ያን ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ባለቤታቸው ባሕር ዳር በጠና ታመው ነበር። ጋሽ ታደለ ድሮም ጿሚ ናቸው፤ ያን ጊዜ ግን ተሳሉ። “እሷን ያድንልኝ እንጂ ይህን ጾም አንዲት ሳላጓድል እፈጽማለሁ” አሉኝ። ድስቱ ቅቤ ነክቶት ቢሆንስ ብለው ምግብ ቤት መግባት ተዉ። የኔን ብረት ግን ራሳቸው በአመድ ፈትገው አጠቡልኝና፣ ጠዋት መብላት በሚፈቀድበት በቅዳሜና በእሑድ ከኔ ምድጃ መብላት ቀጠሉ። ከራሳቸው እጅ ሌላ ያመኑት የኔን ብቻ ነበር።

የጾሙ ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ ስኳርና ዘይት ነው። እየተጣበቀ መከራዬን አሳየኝ። በቢላ ፍቄ የማቀርብላቸውን ፍርፋሪ “ግሩም ነው” እያሉ ይበሉልኛል። ያ ለይሉኝታ የሚባል “ግሩም ነው” ያናድደኝ ጀመር። ጎረምሳ ነበርኩ፤ ከልብ መመስገን አማረኝ። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እሳቸው ሳይነሱ ሁለት እንቁላልና የዱቄት ወተት ሊጡ ውስጥ መታሁ። ካላወቁት ምን ይጎዳቸዋል ብዬ ነው።

ዋፍሉ ወርቅ መስሎ ወጣ። ጋሽ ታደለ አንድ ጎርሰው ቀና አሉ።

“ኦቻላ! ዛሬስ እጅህ ተባርኳል። ምን ጨምረህበት ነው?”

“ማንጎ ነው” አልኳቸው።

“እንዲያ በል! የጋምቤላ ማንጎ!” ብለው አራት በሉ። እጃቸውን ሲታጠቡ ደግሞ መረቁኝ።

ፋሲካ ሳይደርስ በትምህርት ቤቱ ስልክ የባለቤታቸው መርዶ መጣ። ሄዱ፤ ከአርባው በኋላ ጠቁረው ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ኒሙ ሥር መጥተው ተቀመጡ። ምድጃውን አላወጣሁትም።

“አንተ አብረኸኝ ነበርክ፤ አይተሃል” አሉኝ። “የት ላይ ነው ያጎደልኩት?”

ንገራቸው አለኝ ልቤ። አፌ ግን፣ “ምንም አላጎደሉም፣ ጋሼ” አለ።

አላመኑኝም። የሰኔ ጾም ሲገባ በቀን አንዴ ደረቅ ቂጣ ብቻ መብላት ጀመሩ። ትተውት የማያውቁትን ምግብ ሁሉ ተዉ፤ ግዴታ ያልሆነውን የጽጌን ጾም እንኳ ጨመሩ። አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ቀበቷቸውን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሱት አየሁ። የማያውቁትን ጥፋታቸውን እየካሱ ነበር። እኔ አውቀዋለሁ፤ ማታ ከግድግዳው ወዲያ ሲጸልዩ እየሰማሁ ዝም አልኩ። በዓመቱ ተዛወሩ። ቆይቶ ማረፋቸውን ሰማሁ።

ሁለት እንቁላል ሰው እንደማይገድል ያኔም አውቅ ነበር። እግዚአብሔርም እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚይዝ አይመስለኝም። ግን የኔን ጥፋት እሳቸው ተሸክመውት ዞሩ፤ አንዲት ቃል ብናገር ኖሮ ከትከሻቸው ይወርድ ነበር። ይጠሉኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ቢጠሉኝስ ምን ነበረበት?

አንድም ቅርፊት ሳላገኝ ከማድ ቤት ስመለስ ሄለን ሳህኗን ሳትነካ ትጠብቀኝ ነበር።

“ጋሼ፣ ምን ፈልገው ነው?”

“እንቁላል።”

ሳቀች። ቀልድ መስሏታል። ከዚያ ሳቋን ተወችና በሹካዋ ዋፍሉን ነካ አድርጋ፣ “አለበት እንዴ?” አለችኝ።

“የለበትም። ብዪ ልጄ” አልኳት።

ለካ እውነቱን መናገር ይህን ያህል ቀላል ነበር።