የእናቴ የጨጓራ ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁን የምናገረው ደፍሬ አይደለም፤ መሸከሙ ስለሰለቸኝ ነው።

አስቀድሜ የነበሩትን በስም ልጥራ። ኦቦ ዲንቃ ነበሩ፤ የአምቦ ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የአሮጌዋ ነጭ ፔጆ ባለቤትና ሾፌር። አቶ ነጋሽ ነበሩ፤ የእናቴ ወንድም፣ ነጩን ጋቢያቸውን ለሽምግልና ካልሆነ ከሳጥን የማያወጡት። ቄስ ፈይሳ ነበሩ፤ የወንጌላውያኑ ቄስ፣ መኪና በተነሳ ቁጥር ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጸልዩት። እኔ ነበርኩ፤ የኋላ ወንበር ላይ። ሽማግሌ ሆኜ አይደለም፤ መኪናዋ ካልተነሳች እንድገፋ ነው። እናቴና ታላቅ ወንድሜ ተስፋዬ ቤት ቀርተዋል። ራዲያተሩን ስሞላ ግን ከእኔና ከኦቦ ዲንቃ ውሻ በቀር ማንም አልነበረም። ውሻው እስከ ዛሬ አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ልዩነታችን እሱ አለመዋሸቱ ነው።

ጉዳዩ ከባድ ነበር። ተስፋዬ የጉደሯን ጫልቱን ሊያገባ ሽማግሌ ይልካል። አባቷ ኦቦ ቶሊና «ፀሐይ ሳትከር ኑ» ብለው አስጠንቅቀዋል። ሰዓት የማያከብር ሰው ሚስትም አያከብርም የሚሉ ሰው ናቸው። ተስፋዬ ሱሪውን ሲተኩስ አደረ፤ ያውም እሱ አይሄድም።

የመኪናዋን ጤና የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የጥገና መጽሐፍና ከብዙ ስህተት ተማርኩ። በዋዜማው የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት፤ ቀየርኩት፤ ማሰሪያውን በልኩ አጠበቅኩ። እስከዚህ ድረስ እንከን የለብኝም። የቀረው ውሃ መሙላት ነበር።

ኦቦ ዲንቃ ለዚህ የማያወላዳ ሕግ አላቸው። ለራዲያተር የሚገባው ከጣሪያ የወረደ የዝናብ ውሃ ነው፤ እሱም በነጠላ ጨርቅ ተጣርቶ። በርሜላቸው ክረምቱን ሙሉ ሲጠራቀም የከረመ ውሃ ይዟል። ከፍቼ አየሁት። ቅጠል አለበት፤ የሚዋኝ ነገርም አለበት። እኔ ንጽሕና ወዳዱ፣ እኔ ጠንቃቃው፣ ያንን ለሽምግልና መኪና ላጠጣ? ቧንቧ እንዳልከፍት ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ዞር ስል በእኛ ግቢ በኩል የእናቴን ቢጫ ጀሪካን አየሁ። ለጨጓራዋ ከምንጩ ያስቀዳችው ውሃ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ከሥር እስከ ላይ የሚታይ።

ለሰው ጨጓራ የሚበጅ ለብረት ሆድ ምን ይጎዳል? ይህን ነው ያሰብኩት። እኔ ነኝ ያሰብኩት። አንባቢዬ፣ እስቲ ፍረደኝ፤ የአምቦ ልጅ ሆኖ ያንን ውሃ በጠርሙስ ነቅንቆ የጓደኛውን ፊት ያላጠበ ማን አለ? ጋዝ እንዳለበት አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሲነቀነቅ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር? በደንብ አውቅ ነበር። እውቀቴ ግን ጠርሙስ ውስጥ ቀረ፤ ወደ ራዲያተር አልተሻገረም። አፈሰስኩት። ክዳኑን ገጠምኩ። እጄን ታጠብኩ፤ በዚያው ውሃ።

በማግስቱ ከአምቦ ስንወጣ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ጉደር ሳንደርስ ዳገቱ ላይ ከኮፈኑ ሥር መንጎራጎር ተሰማ። ቄስ ፈይሳ ጸሎታቸውን ከፍ አደረጉ። ከዚያ ፊሽካ፣ ከዚያ አረፋ። አረፋው በኮፈኑ ስንጥቅ እየወጣ፣ ዝገት እየለበሰ፣ እንደ ፈላ ወተት ወረደ። ቆምን። ኦቦ ዲንቃ ኮፈኑን ሲከፍቱ አንድ ፍንጣሪ ዘሎ የአቶ ነጋሽ ጋቢ ላይ አረፈ።

«ይቺ መኪና ሳሙና በልታለች እንዴ?» አሉ አቶ ነጋሽ።

ኦቦ ዲንቃ ጣታቸውን አረፋው ውስጥ ነከሩ። ጣታቸው ወደ አፋቸው አካባቢ ሄደ። ከዚያ ዞር ብለው አዩኝ።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «የምንጭ ውሃ ጨመርኩበት» ማለት ስንት ቃል ነው? እኔ ግን ግንባሬን እንደ ሐኪም ቋጥሬ፣ «የቴስታታው ጋስኬት ሳይቃጠል አልቀረም» አልኩ። ከሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ ማለቴ ነው። አየህ፣ ውሸቴ እንኳ ሙያዊ ነበር።

«ጋስኬት ነው ትላለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እሺ፤ ጋስኬት ይሁን።»

ሽማግሌዎቹ በፈረስ ጋሪ፣ እኔ ከጋሪው ኋላ በሩጫ፣ ጉደር ስንደርስ ፀሐይዋ ከርራለች። ኦቦ ቶሊና በራፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። አቶ ነጋሽ ሊያብራሩ ሲጀምሩ ኦቦ ዲንቃ አቋረጧቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። መኪናዬን በወጉ ሳላይ ተነሳሁ።»

«የገዛ መኪናውን ሆድ ያላየ ሰው፣ የሰው ልጅ ጠባይ አይቶ ሊመሰክርልኝ መጣ?» አሉ ኦቦ ቶሊና የአቶ ነጋሽን ጋቢ እያዩ። «ሌላ ቀን ኑ። በእግራችሁም ቢሆን፣ በጊዜ ኑ።»

እኔ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰማሁ። 

በሁለተኛው ጉዞ ጫልቱ ተፈቀደች፤ ሽማግሌዎቹ ጎህ ሳይቀድ በአውቶቡስ ሄደው። የኦቦ ዲንቃ መልካም ስም ግን አልተመለሰም፤ የአረፋው ወሬ ጉደር ገብቷል። በጉደር ኦቦ ዲንቃ ዛሬም «ኦቦ አረፋ» ናቸው። በሠርጉ ላይ እንኳ የሙሽራዋ አጎቶች ጠላ ሲቀዳላቸው «አረፋውን ለኦቦ ዲንቃ!» እያሉ ሳቁ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለዚያ ሳቅ ምን ስም ልስጠው?

በደሌ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። መኪናዋ ከዳገቱ ስትመለስ፣ ውሸቴን ለማጽናት ሞተሩን ልጠግን ተነሳሁ። ጤነኛ ሞተር፣ ምንም ያልበደለ ሞተር፣ በግቢያቸው ፈታሁ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። ብሎን በላላ ቁጥር «ኢልማኮ፣ እርግጠኛ ነህ?» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «እርግጠኛ ነኝ ጋሼ» እላለሁ። ቀጣዩን እፈታለሁ።

ጋስኬቱ ሲወጣ እንከን አልነበረውም። ምን አደረግሁ? ከቤቱ ጀርባ ወስጄ የሻማ ጥቀርሻ ቀባሁት። ጠርዙ ላይ ብቻ፣ ተቃጠለ ሲባል እንደሚሆነው፤ ስሠራ በደንብ ነው የምሠራው። አምጥቼ አሳየኋቸው። በጣታቸው ዳሰስ አደረጉት። ጥቀርሻው ጣታቸው ላይ ቀረ።

«እውነትም፣ ተቃጥሏል» አሉ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «በርታ» አሉኝ።

ማታ ሸሚዜን ሳወልቅ ትከሻው ላይ የጥቁር ጣት አሻራ ነበር። ታጥቦም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ያን ሸሚዝ አልለብሰውም፤ አልጥለውምም።

ፔጆዋ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስትነሳ ታስላለች። በፊት አታስልም ነበር። ሳሉ የእኔ ሥራ ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም። ቧንቧው ደርቆ ነበር አልልም። በርሜሉ ሙሉ ነበር፤ ጨርቁም በርሜሉ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

የቀረኝ አንድ ዝርዝር ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም እሱ ነው። ዳገቱ ላይ ያ ጣት የደረሰው ከንፈር ላይ ነው ወይስ ጢም ላይ? የአምቦ ሰው ያንን ውሃ ዓይኑን ታስሮ ቢቀምሰው ይለየዋል። ከቀመሱት፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ያውቁ ነበር ማለት ነው፤ በኦቦ ቶሊና በራፍ ላይም፣ በርጩማው ላይም። ይጠብቁ የነበረው ሞተሩን ሳይሆን አፌን ነበር ማለት ነው።

አቶ ነጋሽ፣ እርስዎ በቀኝ በኩል ቆመው ነበር፤ ያዩትን ይጨምሩ። ቄስ ፈይሳ፣ ዓይንዎ ካልተጨፈነ እርስዎም ይጨምሩ። እናቴ፣ ጀሪካኑን ማን አጎደለው ብለሽ ቤት ሙሉ ስትጠይቂ «ሳያፈስ አይቀርም» ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺም የምታስታውሺውን ጨምሪ።

ጋሼ ዲንቃ፣ እርስዎም ነበሩ። ከሁላችን ይልቅ እርስዎ ነበሩ። እኔ ጨርሻለሁ፤ የጎደለውን ይጨምሩበት።