ሹፌሩ ዝም ካለ

መካነ ሰላም ውስጥ ጆሮዬ ስም ነበረው። መኪናው ያልታወቀ ድምፅ ያሰማበት ሁሉ መካኒክ ጋ ከመሄዱ በፊት ወደ እኔ ይመጣና «እስኪ አንዴ ስማልኝ» ይለኝ ነበር። ኮፈኑን ሳላስከፍት ችግሩን ስነግራቸው አፋቸውን ይይዛሉ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ያን ክረምት የጤና ባለሙያዎችን ወደ ገጠር የምታመላልስ ፎር ዊል መኪና እነዳ ነበር። አንድ ጠዋት አንዲት ነርስ ከኋላ ጭኜ ወደ ወግዲ ስወጣ፣ ከከተማው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ የዜማ መምህር እጃቸውን አነሱልኝ። ጋቢና አስገባኋቸው። ጭጋጉ ከመንገዱ አልተነሳም፤ ጭቃው ስለከፋ ፎር ዊሉን አስገብቼ ነው የምሄደው። ከፊታችን ረጅሙ ቁልቁለት አለ፣ ጎኑ ባዶ ገደል የሆነው።

ጥቂት እንደሄድን የኔታ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አደረጉ።

«ልጄ፣ ይቺ መኪናህ ታጉረመርማለች።»

«ጭቃው ነው፣ የኔታ።»

ሁለት ኩርባ አለፍን።

«ጭቃስ አይደለም። ወደ ግራ ስትጠመዝዛት ድምጿን ታነሳለች፤ ወደ ቀኝ ስትጠመዝዛት ትጥላለች። ጭቃ እንዲህ አያዜምም።»

ነገሩ አናደደኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መሪ ይዤ ኖሬ፣ ስለ መኪና የዜማ መምህር ያስተምረኝ! ግን አዳመጥኩ። ሞተሩ ይሰማኛል፤ ሌላ ምንም የለም። ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኸው የቀኝ ጎማ የሚዞርበት ኩሽኔታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለስንቱ ሰው እኔው ተናግሬዋለሁ።

መንገዱ ጠንከር ካለበት ስደርስ ፎር ዊሉን አወጣሁ።

«አሁንስ?»

«አለች።»

ፍሪሲዮን ረግጬ ማርሹን ነቀልኩ። መኪናዋ በራሷ ተንሸራተተች።

«አሁንስ፣ የኔታ?»

«አለች ልጄ። እንዲያውም ጎላች።»

እንግዲያው ሞተርም አይደለም፣ ካምቢዮም አይደለም። ቁልቁለቱ አፍ ላይ አቆምኩና ወረድኩ። የፊት ቀኝ ጎማ መሃሉን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። በክሪክ አንስቼ ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው እንደ ላላ ጥርስ ተወዛወዘ። ቁልቁለቱን ጀምረነው ቢሆን ጎማው ብቻውን ይሄድ ነበር።

እነሱም ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩት። ነርሷ ፊቷን አጨማደደች፣ የኔታም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ጆሮዬ ጎማውን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋሁ። ምንም።

«አንቺም ይሰማሻል?» አልኳት።

«ከሰኞ ጀምሮ እኮ ነው፣ ጋሼ። ሁላችንም ሰምተነዋል። ሹፌሩ ዝም ካለ ሰላም ነው እየተባባልን ነው እንጂ። የእርስዎን ጆሮ ማን ይጠራጠራል?»

ከሰኞ ጀምሮ። በዚያ ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርጃለሁ፣ ስንቱን ሰው ይዤ! ሚስቴ ድምጿን ከፍ ስታደርግ «ምን ያስጮህሻል» ብዬ የምቆጣው፣ ሬዲዮኑን ስጨምር ልጆቼ እርስ በርስ የሚተያዩት፣ ሁሉም ተራ በተራ መጣብኝ። አፈርኩ። ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

«አብሽር» አሉኝ የኔታ ትከሻዬን ይዘው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ጨመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም። እንዲደግሙልኝም አልጠየቅኳቸውም።

ነርሷ ደውላ ከከተማ መካኒክ አስጠራች፤ የድሮ ወዳጄ ነው። ወደ ቀትር ላይ አዲስ ኩሽኔታ ይዞ በሞተር ሳይክል ደረሰ። አሮጌውን ሲያወጣው ተሰባብሮ እጁ ላይ ቀረ። አየኝ፤ ምን ነካህ እንደማለት። እኔ ዓይኔን ወደ ጭጋጉ መለስኩ።

አዲሱን አስገብቶ ጎማውን አሰረና ጠራኝ።

«በል እንግዲህ፣ አንተው ስማና ፍረድ።»

አሽከረከረልኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። የሰማሁት የቅድሙኑን ነው፣ ምንም። ወዳጄ ፊቴን እያየ ጠበቀኝ። ደህና ነው ብዬ ብነግረው ያምነኝ ነበር፤ እነሱም ተሳፍረው ቁልቁለቱን አብረውኝ ይወርዱ ነበር።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። ሁሉም ሲሳፈር የኋላውን በር ከፍቼ ነርሷ አጠገብ ተቀመጥኩ።