ጮክ ብሎ ማሰብ

በደርግ ዘመን ሀዋሳ ውስጥ መምህር ሳለሁ፣ ሰው ችግር ሲፈታ የሚያስብበትን መንገድ በኮምፒዩተር ላስመስል ቆርጬ ተነሣሁ። ዘዴውን ከመጽሐፍ አግኝቼዋለሁ፤ ሰውየው እያሰበ በሐሳቡ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እኔ አንድ ቃል ሳላስቀር እጽፋለሁ፣ ኋላም ጽሑፉን ወደ ፕሮግራም እለውጣለሁ።

መናኸሪያ አጠገብ በገበጣ የሚደርስባቸው ያልነበረ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩኝ። ቤታቸው ሄጄ ገበጣውን መሃል አድርገን ተቀመጥንና «እየተጫወቱ የሚያስቡትን ሁሉ ይንገሩኝ፣ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው። ደብተሬን አዩ፤ በሩንም አዩ።

«እኔ ምንም አላስብም፣ ልጄ» አሉኝ።

ከዚያ ትንፍሽ ሳይሉ ጠጠሮቼን ለቃቅመው ጨረሱ። ምን ያህል ቂል እንደነበርኩ የገባኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው፤ ያን ቀን ከፈቷቸው ሁለት ችግሮች ገበጣው ቀላሉ ነበር።