የኮሪደሩ ጥቁር ለባሽ

ካሌዶኒያን ሮድ በሚባለው የፈረንጅ አገር ጎዳና ላይ ማህደር ፒያኖ የምታስተምርበትን ሕንፃ የምታጸዳው ሴት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ይህ የዕለቱ ሦስተኛ ሥራዋ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ የጫማዋ ተረከዝ ተረግጦ ጠፍጣፋ ሆኗል። ደረጃውን ስትወጣ አሥሬ «እፎይ» ትላለች፤ ፊቷ ላይ ግን ዕረፍት የለም።

ማህደር ስሟን እንኳ አታውቅም። የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪዎቿ እስኪመጡ ጂግ የሚባለውን የጥንት ፈጣን የጭፈራ ዜማ በፒያኖ ስትለማመድ፣ ኮሪደሩ ላይ የመወልወያው ድምፅ ቀጥ ይላል። ዜማው በስድስት ምት ይዘላል፤ የፈረንጅ ይሁን እንጂ ከእኛ ሰርግ ቤት ብዙም አይርቅም። ሴትዮዋ ትናንት ያጸዳችውን የበሩን መስታወት፣ ዜማው እስኪያልቅ ደግማ ደጋግማ ትወለውላለች።

ዛሬ ማህደር በፒያኖው አብረቅራቂ ጥቁር እንጨት ላይ የሴትዮዋን ምስል አየች። የሴትዮዋ ግራ ትከሻ ድንገት እንጣጥ አለ። ጨርቁን ጣለችና፣ ሊያመልጥ እንዳለ ሕፃን፣ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

ማህደር መጫወቷን አቆመች። «ምነው እማማ፣ አመመዎት እንዴ?»

«አላመመኝም የኔ ልጅ። የወንድ ልጄ ሙት ዓመት ሊደርስ ገና አራት ወር ይቀረዋል። እስከዚያ ጭፈራ ነውር ነው።»

ማህደር ደንገጥ ብላ መጽሐፉን ትገልጥ ጀመር፣ ዝግ ያለ ዜማ ፍለጋ።

«ተዪው» አለች ሴትዮዋ፣ እጇን ከትከሻዋ ሳታነሳ። «ያንኑ ተጫወቺ። ትከሻዬን እኔ እይዘዋለሁ።»