ሂና የጠጣው ጊታር

ባሌን ያወቅኩት ጊታር ሲቃኝ ነው። እዚሁ ካርቱም ውስጥ፣ በአንድ የአበሻ ሠርግ ላይ፣ ሙሽራዋን ሂና ቀብቼ ከጓዳ ስወጣ እሱ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ክር ያጠብቃል። "ይሄ ሰውዬ አንገቱ መቀጨቱ ነው" ብዬ አለፍኩ። ከተጋባን በኋላም ያ ማቀርቀሩ አልለቀቀውም፤ ሲበላም፣ ከሰው ሲጫወትም የሆነ ክር የሚያዳምጥ ይመስላል። እኔ ደግሞ ተናጋሪ ነኝ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ አወራለሁ።

ሠርግ በየቀኑ የለም። ሠርግ በሌለ ጊዜ ጀብራ ወደሚባለው ሰፈር እየሄደ የቀን ሥራ ይሠራ ነበር፤ ብሎኬት ማቀበል፣ ሲሚንቶ ማቡካት። አንድ ቀን ከላይ የተንሸራተተ ቆርቆሮ ግራ እጁን አገኘው። ቁስሉ አልሐምዱሊላህ ዳነ፤ የመሀል ጣቱና የቀለበት ጣቱ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፍም አሉ። ጊታር ላይ በቀኝ እጅ ክሩን ትመታለህ፣ በግራ እጅ ጣቶች ደግሞ አንገቱ ላይ እየተጫንክ ዜማውን ታወጣለህ። የማይታጠፍ ጣት ምን ይጫናል? ጊታሩን ለአንድ ወዳጁ ሰጠና ባዶ እጁን ቤት ገባ።

ጥቂት ቆይቶ ሻንጣ ገዝቶ መጣ። ጥቁር፣ ጠንካራ፣ ትከሻ ላይ የሚንጠለጠልበት ሰፊ ማንገቻ ያለው።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ለመንገድ ነው።"

የትኛው መንገድ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ጀሪፍ የተከራየንበት ግቢ ውስጥ ያሉት ወጣቶች ወሬያቸው ሁሉ ሊቢያ ነው፤ ደላላው፣ በረሃው፣ ባሕሩ። እሱ ግን ወጣት አይደለም፣ ሚስት ያለው ሰው ነው! ይህንኑ ነገርኩት።

"እዚህ ምን ልሥራ?" አለኝ። "ብሎኬት እንኳ ከእጄ ያመልጣል። አንቺ ሰው ቤት ስትለፊ እኔ ልጎለት?"

"ተጎለት! ማን ከለከለህ?"

"ደላላው ይደውላል፣ ኢንሻአላህ" አለና ሻንጣውን ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩ በተከፈተ ቁጥር ሻንጣውን እየገጨ ድብ ይላል። ከሥራ ደክሜ ስገባ መጀመሪያ የምሰማው እሱን ድምፅ ነበር። ዕቃ ይጠላል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ያንን ሻንጣ ግን ጠላሁት።

የምሠራው ቡሪ፣ የአንዲት አሮጊት ሱዳናዊት ቤት ነው። ሁላችንም ሐጃ ነው የምንላቸው። ዱባይ የምትሠራ ልጃቸው ለእረፍት መጥታ በነበረ ጊዜ ሐጃ ሳህን እያንኳኳሁ ሳጥብ ሰሙኝና በዐረብኛቸው "ማሊክ?" አሉኝ፤ ምን ሆነሻል ማለታቸው ነው። ነገርኳቸው። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ፈለገችና ክሩ ተገልብጦ የተሠራ፣ ቀኝ እጅ የሚጫነው፣ ግራ እጅ የሚመታው ጊታር እንዳለ አሳየችኝ። ለካስ ግራኞች አሉ! አእምሮዬ ውስጥ መብራት በራ። የባሌ ቀኝ እጅ ደህና ነው፤ የግራውም አውራ ጣትና ሌባ ጣት መምቻ ለመያዝ ይበቃሉ።

ሐጃ ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። "ቢሽማል? በግራ?"

"ሊበላበት እኮ አይደለም፣ ሐጃ፣ ሊመታበት ነው።"

አሰቡ፣ አሰቡና "መዓሌሽ፣ ካልበላበት ምንም አይደል" ብለው ፈረዱ።

ያለቀለት የግራ ጊታር አቅሜ አልነበረም። ልጅቷ ያገኘችልኝ በካርቶን የሚሸጥ፣ ገላው ለብቻ፣ አንገቱ ለብቻ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውና ብሎኑ ለብቻ የሆነ፣ ቀለም ያልነካው፣ ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ነው። ለዒድ ስትመለስ በሻንጣዋ ይዛልኝ መጣች። ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ታቅፌው ጀሪፍ ስገባ ልጅ የወለድኩ ነበር የመሰለኝ።

ባሌ ካርቶኑን ከፍቶ አየው። "ይሄ የተነቀለ መስኮት ነው።"

"ጊታር ነው። ግጠመው።"

የጊታሩን አንገት አነሳ፣ አገላበጠ። "ተታለሻል። የግራኝ ነው የሰጡሽ።"

"አልተታለልኩም።"

ያኔ ገባው። አንገቱን ወደ ቀኝ እጁ አዛወረና ጣቶቹን አንድ በአንድ አሳረፈበት፤ ከዚያ እንዳቃጠለው ሰው ቶሎ አስቀመጠው። "ደላላው በቅርቡ ይደውላል" አለ። እኔም "ይደውላ! እስኪደውል ግጠመው" አልኩት።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የብርጭቆ ወረቀት ገዝቶ፣ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ገላውን ሲፈትግ አገኘሁት። ቅንድቡ ሁሉ የእንጨት ብናኝ ነበር። እነዚያ ቀናት ደስ ይሉኝ ነበር። ከሥራ ስገባ ሻይ አፍልቼ አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እሱ ይፈትጋል፣ እኔ አወራለሁ፤ አንዳንዴ መዳፉን በእንጨቱ ላይ አሳልፎ "ንኪው እስቲ" ይለኛል። እንደ ሕፃን ጉንጭ ለስልሶ ነበር። ስለ ሊቢያ ሳያነሳ የሚውልበት ቀን እየበዛ መጣ።

ታዲያ አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ። አላረፍኩም። ቀለም ሲነሳ እኔ ምን ቢታየኝ ጥሩ ነው? ሂና! ጁምዓ ጁምዓ ሙሽሮች የምቀባ ሴት ነኝ፤ ባዶ ገላ ሳይ እጄ አያስችለውም።

"ሙሽራ ነው እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

"ከሙሽራም ሙሽራ ነው።"

የሱዳኖቹን ጥቁር ሂና፣ ማህላቢያ በሚሉት ሽታው ደስ በሚል ዘይት ለውሼ፣ ከታች ጀምሮ ሐረግ እያዞርኩ ቀባሁት። ፊቱን ጨርሼ ሌላውን ሁሉ፣ አንገቱ የሚገባበትን ጎድጓዳ ሳይቀር፣ ደፈንኩት። ሂና ቶሎ ከደረቀ ቀለሙ አይዝም፤ ስለዚህ የሙሽራ እግር እንደምንጠቀልለው በፌስታል ጠቀለልኩት። ይባስ ብዬ በውሃ የሚሠራው ማቀዝቀዣችን እርጥብ አየሩን የሚተፋበት ቦታ አስቀመጥኩት። ለሙሽራ እንዲህ ነው የሚደረገው። እንጨት ግን ሙሽራ አይደለም፤ ይጠጣል።

በነጋታው ስፈታው ቀለሙ ልብ ይሰርቅ ነበር። ባሌ እንኳ "ማሻአላህ" አለ። ከዚያ አንገቱን አምጥቶ ጎድጓዳው ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ። እምቢ አለ። በጎን ሞከረ፣ እምቢ። ትናንትና ልክክ ብሎ የገባው አንገት ዛሬ ከአፉ አላልፍ አለ። እንጨቱ ውሃውን ጠጥቶ አብጧል።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አልኩ፣ ቀድሜ ራሴን ብሰድብ ይሻለኛል ብዬ።

አልሳቀም። ልክ ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ወደ ደጅ ወጥቶ ሲያወራ "እሺ... ታማም... ታማም" ሲል ይሰማኛል። ሲመለስ አላየኝም።

"በሚመጣው ሳምንት ሰው ይወጣል" አለ።

እንባዬ መጣ። ይዤው የነበረውን ሰውዬ በገዛ እጄ፣ በገዛ ሂናዬ አስለቀቅኩት ብዬ አለቀስኩ። እሱም ደንግጦ "አብሽሪ፣ ኧረ አብሽሪ፣ ይደርቃል" አለኝ። ይደርቃል ያለው ስለ እንጨቱ ነበር፤ እኔ ግን ያችን ቃል ይዤ ቀረሁ።

የካርቱምን ሙቀት ከመጣሁ ጀምሮ ስረግመው ኖሬአለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ለመንኩት። ማቀዝቀዣውን አጠፋሁት። ፀሐይ ላይ እንዳላወጣው ባሌ "ይሰነጠቃል" ብሎ ስለከለከለኝ ጊታሩ ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ የሚያገኘው ቦታ ተቀመጠ፤ እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ ላብ በላብ ሆነን ዋልን። ባሌ ውሃ ለመጠጣት በተነሳ ቁጥር አንገቱን አንስቶ ይሞክራል። እኔ ከእሱ ተደብቄ እሞክራለሁ። ሳምንቱ እየሳሳ ሲሄድ አንድ ከሰዓት ላይ ከውስጥ "ነይ! ነይማ!" ብሎ ጮኸ። ሮጬ ስገባ አንገቱ ገብቷል። ከበፊቱ ጠበቅ ስላለ ብሎኑ ሳይታሰር እንኳ ከፍ ቢያደርጉት አይወልቅም ነበር። "ሂናሽ ያዘው" አለኝና ሳቀ፤ እኔ ደግሞ አቅፌው ላቤን ቀባሁት።

እንጨቱ ውሃ ስለነካው ሻክሮ ነበርና መልሶ ለስለስ አድርጎ ሲፈትገው ሐረጌ አንድ ጎኑ ላይ ደበዘዘ። እንደዚያው ሆኖ ቫርኒሽ ተቀባ። ሽቦ መበየድ ሲጀምር ነው ያልጠበቅነውን ያየነው። እነዚያ የማይታጠፉት ሁለት ጣቶች ቀጭኗን ሽቦ መሀላቸው አድርገው ሳይንቀጠቀጡ ይይዙለታል፤ የመበየጃውን ስታኞ በሌላው እጁ ያቀልጣል። "ለካ ሥራ ያጡት መቆንጠጫ ሆነው ኖሯል" ብሎ ሲስቅባቸው ገርሞኝ አየሁት። ስለ ጣቶቹ ሲቀልድ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ክሩን ወጥሮ ሲጨርስ መብራት ሄደ። የጀሪፍ መብራት ሲፈልግ ነው የሚመጣው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ደግሞ ያለ መብራት ድምፁ እንደ ትንኝ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁት። ያወጣው እኔን ባወቀኝ ሠርግ ላይ ሲቃኝ የነበረውን ዜማ ነው፤ ግን ቀኝ እጁ ገና ተማሪ ነውና ይደናቀፋል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

"ቀስ በቀስ እንቁላል..." ስል፣

"እንቁላሉን ተይውና ዝም በይ" አለኝ ከክሩ ቀና ሳይል። ደስ አለኝ፤ ዝም በይ የሚለኝ የእውነት ሲያዳምጥ ብቻ ነው።

ግን ስለ መንገዱ ምንም አላለም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኩም።

ሰዎቹ ይወጣሉ በተባለበት ቀን ሥራ መቅረት ፈልጌ ነበር፤ ቤት ተቀምጬ ሲሄድ ከማየው ይሻላል ብዬ ሄድኩ። ሐጃ ቤት ምን እንደሠራሁ አላውቅም። ሐጃም አይተውኝ "ያላ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" ብለው በጊዜ አሰናበቱኝ።

ቤቴ ደርሼ በሩን ገፋሁት። ድብ አላለም። በሩ ቀጥ ብሎ ተከፍቶ ግድግዳውን ነካ። ሚስማሩ ላይ ምንም የለም፤ ቤቱም ውስጥ ማንም የለም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። "ሳይሰናበተኝ!" ነው ያልኩት። እግዜር ይይለት ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

ያኔ ነው ከኒሙ ዛፍ በኩል ያ የሚደናቀፍ ዜማ የተሰማኝ። ወጣሁ። ባሌ ጊታሩን አንግቶ ቆሟል፤ ሠርግ ላይ እንደሚቆመው፣ አቀርቅሮ። ትከሻው ላይ ያለው ሰፊ ጥቁር ማንገቻ አዲስ አልነበረም፤ አውቀዋለሁ። ሻንጣው እግሩ ሥር፣ ማንገቻው በመቀስ ተቆርጦ፣ እንደ ተነፈሰ ኳስ ተኝቷል።

"ካርቶኑ ውስጥ ማንገቻ አልነበረም" አለኝ። "ሠርግ ላይ ደግሞ ተቁሞ ነው የሚመታው።"

"ደላላውስ?"

"ነግሬዋለሁ።"

ቁጭ ብዬ አለቀስኩም ሳቅኩም። እሱ ከመጀመሪያው ጀመረና እዚያው የተደናቀፈበት ቦታ ላይ እንደገና ተደናቀፈ። ሻንጣውን አንስቼ ወደ ቤት አስገባሁት፤ አሁን ሽንኩርት እናስቀምጥበታለን።