በራችን ላይ ያልተለጠፈው ቀይ ወረቀት

ስልኩ የጮኸው የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ሰግጄ መስገጃዬን ሳጥፍ ነው። አንዲት ሴት በአረብኛ ታንበለብለው ጀመረች። የኔ አረብኛ የወጥ ቤት ነው፤ አምጪ፣ ውሰጂ፣ እጠቢ ከሚለው ብዙም አያልፍም። ከወሬዋ ሁሉ የያዝኩት የልጄን ስምና ኢንዛር የምትለዋን ቃል ነው። ኢንሻአላህ፣ ኢንሻአላህ ብዬ ዘጋሁት።

ኢንዛርን አውቃታለሁ። ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር ከተከራየነው ቤት ሥር አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የባለዲያ፣ የማዘጋጃ ቤት፣ ሰዎች መጥተው ሱቁ በር ላይ ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ኢንዛር ነው፣ ማስጠንቀቂያ ነው ተባለ። ሰውዬው እየሳቀ ሱሪ ማሳጠሩን ቀጠለ። ብዙም ሳይቆይ ሱቁ ታሸገ፣ እሱንም ተባራሪ የሚታሰርበት ተርሒል አስገብተው ወደ አገሩ ሰደዱት ሲባል ሰማን። ለኔ እንግዲህ ኢንዛር ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ ወረቀት፣ ከዚያ በር፣ ከዚያ አገር።

ተነስቼ በራችንን ከፈትኩና ውጭውን አየሁ። ምንም የለበትም። ቢሆንም ሻንጣ አወረድኩና የልጄን ሹራብ ከታች አድርጌ ማጠፍ ጀመርኩ። ሪያድ ተወልዳ ሪያድ ያደገች ልጅ ናት፤ ደሴን በወሬ እንጂ በእግሯ አታውቃትም። ብርዱን እንዴት ትችለዋለች እያልኩ ሌላ ሹራብ ደረብኩበት።

ስትመጣ ሻንጣውን አይታ የት ልንሄድ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ እንባዋ መጣ። ለካ ዩኒቨርሲቲ ከገባች ጀምሮ ሒሳቡም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ሆኖባት ወድቃለች። እስከዚያ ድረስ የተማረችው ሁሉ በአረብኛ ነው። ኢንዛሩ የነጥቧ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በሚመጣው መንፈቅ ካልተስተካከለ ያሰናብቷታል። የደወለችውም ሙርሺዳ የሚሏት፣ አዲስ ተማሪዎችን የምትመክረው ሴት ናት። ቅዳሜ እናትሽን ይዘሽ ነይ ብላታለች።

«ከአገር የሚያባርረን የለም ዩማ» አለችኝ፤ እማ ማለቷ ነው። «ትምህርት ነው።»

«ከትምህርት መባረርስ መባረር አይደለም?»

ሹራቧን ከሻንጣው አወጣች። ለውጭ ሰው ልጅ እዚያ ቦታ ማግኘት በስንት ዱዓ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያ ቦታ ካመለጣት ሌላ የለም።

ቅዳሜ አባቷ የዩኒቨርሲቲው በር ላይ አወረደን። እሱ የከፊላችን፣ የአሠሪያችን፣ ቤት ሾፌር ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ ነው ነድቶ የሄደው። በር ላይ ባለካሜራ ስልክ እንዳይገባ ሴቶች ቦርሳ ይፈትሻሉ። ፈታሿ ከኔ ቦርሳ ስልክ ስትጠብቅ የቤተሰቡን ፓስፖርት ሁሉ አገኘች። «ወዴት ልትጓዢ ነው ኻላ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሙርሺዳዋ ከልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ሻይ አቀረበችልኝ። ሻዩ የባሰ አስፈራኝ፤ ቢሮ ውስጥ ሻይ የሚሰጡሽ ክፉ ነገር ሊነግሩሽ ሲሉ ነው ብዬ። ቀስ ብላ፣ ቤት ውስጥ ልጅሽን የሚያግዛት ማን አለ አለችኝ። የሰማሁት፣ ቤትሽ ውስጥ ማን አለ የሚለውን ነው።

«ያለ ኢቃማ የሚኖር ሰው የለም» አልኩ፣ መኖሪያ ፈቃድ የጠየቀችኝ መስሎኝ። «ወላሂ፣ እኛ ቤት የለም።»

ሙርሺዳዋ ልጄን አየቻት። ልጄ በጠረጴዛው ሥር አባያዬን ጎተተችኝ። «ዩማ፣ ማን ያስጠናታል ነው የምትልሽ።»

ማን ያስጠናታል! እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ፣ አባቷ ከመኪና መሪ ጋር የሚውል ሰው። ሙርሺዳዋ አልሳቀችም። ከዙህር እስከ ዐስር ሰላት ተቅዊያ የሚባል የማጠናከሪያ ትምህርት አለ፣ በነጻ ነው፣ ቀደም ብለው የገቡት ልጆች አዲሶቹን ያስጠናሉ አለችኝ፤ ያልገባኝን ልጄ ትተረጉምልኛለች። ልጅሽ ግን አንድ ቀን እንኳ መጥታ አታውቅም አለች። ወደ ልጄ ዞሬ ለምን አልኳት።

«አባዬ በዚያ ሰዓት የማዳምን ልጆች ከትምህርት ቤት ያመጣል» አለች አንገቷን ደፍታ። «እኔን ማን ያወጣኛል?»

እውነቷን ነው፤ ወሳጅ ቤተሰብ ሳይመጣ ከዚያ በር ሴት ልጅ አትወጣም። ከፊሉን ለምነን ቢቆጣ ኢቃማችን በእጁ ነው። አሰብኩ አሰብኩና «እኔ እመጣለሁ» አልኩ። አፌ ቀደመኝ እንጂ ልቤ አልወሰነም ነበር።

ብቻዬን ሊሞዚን ተሳፍሬ አላውቅም፤ እዚያ ታክሲውን እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ የተመዘገብኩት በባሌ ኢቃማ ላይ ነው፤ በእጄ ያለችው ኮፒዋ ብቻ ናት። ፖሊስ አስቁሞ ዋናውን ቢለኝስ? ትምህርቱ ባለበት ቀን ሁሉ ኮፒዋን በላብ በራሰ እጄ ጨብጬ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሾፌሩ መስታወቱን ባስተካከለ ቁጥር አየተል ኩርሲዬን፣ የጥበቃዋን የቁርአን አንቀጽ፣ እቀራለሁ። ከዚያ ከግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጬ ዐስርን እጠብቃለሁ። በድምፅ ማጉያው የአባቷ ስም ሲጠራ፣ እሷን ማስወጣታቸው መሆኑን እያወቅሁ እንኳ፣ ኮፒዋን ለማሳየት እነሳ ነበር።

መንፈቁ ያለቀ ጊዜ፣ ውጤት የወጣ ዕለት፣ ስሙ ተጠራ። ልጄ ኒቃቧን እንኳ በደንብ ሳታስተካክል ወጣች።

«ዩማ፣ ኢንዛሩ ተነሳ።»

«ተነሳ ማለት... ተላጠ?»

ትንሽ አየችኝና ገባት። «አዎ ዩማ። ተላጠ። ኸላስ።»

ሊሞዚኑ ውስጥ ሰፈራችን እስክንደርስ እጇን አልለቀቅኩም። ቤት ስንደርስ ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት በሩን ከላይ እስከ ታች በመዳፌ ዳበስኩት።