ኖራ ጠብቅ

ባለፈው ሳምንት አውስትራሊያ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ፌቨን አንድ ፎቶግራፍ ላከችልኝ። በአንዲት የገጠር ከተማ የቆመ፣ በጎች ይሸለቱበት የነበረ አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው፤ ዙሪያውን ረጃጅም ባሕር ዛፎች ከበውታል። የከተማው ሰዎች አድሰው ለጎብኚ ከፍተውታል፤ እሷም በበጎ ፈቃድ እንግዳ ስትቀበል ውላለች። ከሥሩ «አጎቴ፣ ድንጋዩን ያያያዘው ነጩ ነገር በአማርኛ ምን ይባላል? ለእማዬ ላስረዳት ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ» ብላ በላቲን ፊደል ጽፋለች። አራት የላቲን ፊደላት ጻፍኩና እጄ ቆመ። በእነዚያው አራት ፊደላት ምክንያት አንድ ጊዜ የሰው እንጀራ ላበላሽ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ወይም ስድስት ይመስለኛል። ዓመቱን እጠራጠራለሁ፤ ወቅቱን ግን አልረሳውም፤ ብርዱ ለቆ የአበባ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ቢጫ የሚያለብስበት ሰሞን ነበር። በታሪክ ተመርቄ፣ በዲቪ መጥቼ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ በየማለዳው ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ ወደምትባል ከተማ ጡብ ልሸከም እሄድ ነበር። ይታደስ የነበረው ቤት ድሮ ዳቦ ይጋገርበት የነበረ ነው። ምድጃው ከቀዘቀዘ ብዙ ዘመን ቢያልፈውም፣ ዝናብ ባካፋ ቁጥር ከጡቡ ውስጥ የዳቦ ሽታ የሚወጣ ይመስለኝ ነበር። ምናልባት ከመንገዱ ማዶ ካለው ካፌ ይሆናል፤ ያኔ አላጣራሁም።

አብረውኝ የሚሸከሙት ጋሽ ውበቱ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ የጎንደር ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የግንብ ግድግዳ በኖራ ሲጠግኑ ያደጉ ግንበኛ ናቸው፤ እዚህ ግን የሙያ ወረቀት ስለሌላቸው ተሸካሚ ሆነው ተቀጠሩ። እኔን «ምሁሩ» ይሉኛል። አጠራራቸው ከምስጋና ይልቅ ወደ ሹፈት ያዘነበለ ነበር።

የእድሳቱ ኃላፊ ደግሞ ኖራ የምትባል አውስትራሊያዊት ነበረች። ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ የጋገረችውን የአጃ ብስኩት እያዞረች፣ ስለ አገሯ አሮጌ ቤቶች ታወራናለች፤ እኔ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን «እኛ ዘንድ ቤቱን ብቻ አይደለም የምንጠብቀው፤ በዙሪያው ያሉትን ባሕር ዛፎችም ጭምር ነው» አለች።

«ባሕር ዛፍ?» አሉ ጋሽ ውበቱ። «ከእኛ የወሰዱት ነው በላት።»

«ጋሼ፣ እኛ ነን ከነሱ ያመጣነው።»

«ታሪክ ተምረህ የያዝከው ይኼን ከሆነ፣ ጡቡ ይሻልሃል።»

ኖራ ጋሽ ውበቱ ግድግዳውን በመዳፋቸው ሲዳስሱ አይታ ኖሮ፣ ክንድ የምታህል ቦታ ለፈተና ሰጠቻቸው። የጡቦቹን መጋጠሚያ ሞልተው ዓርብ ቀትር ላይ ያሳዩአታል። ከወደደችው የግድግዳው ግንበኛ እሳቸው ይሆናሉ፤ ካልወደደችው ሌሎች ግንበኞች ይመጣሉ፤ እሳቸውም ወደ ሸክማቸው ይመለሳሉ። ጋሽ ውበቱ ኖራቸውን በባልዲ ዘፍዝፈው አፓርታማቸው በረንዳ ላይ ለሳምንታት አቆዩት። እንደ ቅቤ ለስልሶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ከጋሽ ውበቱ በላቲን ፊደል የተጻፈ መልእክት በስልኬ ደረሰኝ፦ «ትራፊክ ይዞኛል። ኖራን ጠብቅ። ያለ ኖራ እንዳትጀምር።» ኖራ ሁለት ሰዓት ላይ መጣች፤ «ጀምሩ፣ በቀትር እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። እኔም እንደታዘዝኩት ጠብቄአለሁ፤ መጥታለች፤ እንግዲህ ምን ቀረ? ጋሽ ውበቱ ሲደርሱ ደስ እንዲላቸው ብዬ፣ ለጓሮው ቦይ የመጣውን ሲሚንቶ፣ ያው ማያያዣ ነው ብዬ፣ በጥብጬ መጋጠሚያዎቹን መሙላት ጀመርኩ። ሦስት መስመር ጨርሼ ነበር፣ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ሲገቡ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ኖራን ጠብቅ አሉኝ፤ ጠበቅኳት፤ መጣች።»

ባልዲውን አስቀመጡት። «ሴትዮዋን መች አልኩህ? ኖራ ጠብቅ ነው ያልኩት። ኖራ! ሴትዮዋን ቢሆን ‹ኖራን› እል ነበር። አንዲት ‹ን› አትለይም፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ?»

ከዚያ በኋላ አልተቆጡም፤ ጊዜ አልነበራቸውም። አሮጌ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ርጥበቱን በመጋጠሚያው በኩል ያስወጣል። ኖራ መንገድ ይሰጠዋል፤ ሲሚንቶ ግን ይዘጋበታል፤ የታፈነው ጡብም ውሎ አድሮ ይፈረፈራል። ሳይደርቅ መውጣት ነበረበት። ብረት ጡቡን ይጎዳዋል ብለው እንጨት አሾሉና ሁለታችንም ተንበርክከን ጠረግን፣ በብሩሽ አጠብን። ከዚያ ኖራውን ከአሸዋ ጋር ለውሰው እየጠቀጠቁ መሙላት ጀመሩ። ሰዓቱ ሲገሰግስ የግንበኛ ማንኪያውን ሰጡኝና «ከታች ሦስተኛውን መስመር አንተ ያዝ። ቀስ በል፣ አትጫነው» አሉኝ።

ኖራ ስትመለስ ከተሰጠው ቦታ የተሠራው ግማሹ ብቻ ነበር። ዝም ልል ፈልጌ ነበር። ጋሽ ውበቱ ግን «ንገራት፤ አንዱንም እንዳታስቀር። ነገ የሲሚንቶው ነጠብጣብ ሲታይ ከምታፍር ዛሬ እፈር» አሉኝ። ነገርኳት፤ ስሟ በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነም ጭምር። «ግድግዳውን የሚያስተነፍሰው ነገር ነው» አልኩ። «ደግሞ ‹ኖራ› ማለት ‹ለረጅም ጊዜ በሕይወት ቆይታ› ማለትም ይሆናል።» በጣም ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ ተንበርክካ መጋጠሚያውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ቆይታም አገሯ ውስጥ በሲሚንቶ የተበላሸ አንድ ግድግዳ ማዳን አቅቷት እንደነበር ነገረችን። «ተሳስቶ ያላፈረሰ ሰው ነው ያጠፋው» አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ ውበቱ ዞራ በእንግሊዝኛዋ «ሰኞ ማንኪያህን ይዘህ ና» አለቻቸው። እኔ ስተረጉመው «ማንኪያዎን ይዘው ይምጡ» ሆነ።

ሥራው ያለቀ ቀን ኖራ በሩን ለሰፈሩ ሰው አስከፈተች፤ በእሷ አገር አንድ ቤት «ታደሰ» የሚባለው፣ ሰው ገብቶ ሲያየው ነው። የጋሽ ውበቱ ባለቤት በዚያ አሮጌ ዳቦ ቤት ውስጥ ድፎ ዳቦ አቀረቡ። ጋሽ ውበቱ ሱፍ ለብሰው ግድግዳው አጠገብ ቆሙ፤ ጠያቂው በዛ፤ እኔም እስከ ማታ ስተረጉም ድምፄ ተዘጋ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

የፌቨን ጥያቄ እንደደረሰኝ ለጋሽ ውበቱ ደወልኩላቸው። መልእክቱ ላይ ‹ን› ነበረች ወይስ አልነበረችም? ለእኔ እስከ ዛሬ ትታየኛለች።

«አልነበረችም» አሉ። «ሰማንያ ዓመት ቢያልፈኝም አልሞኝም።»

ሰማንያ አልሞላቸውም፤ መልእክቱ የነበረበት ስልክም የለም፤ የሚዳኘን የለም። ቅዳሜ ግን ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ተንበርክኬ ከታች ቆጠርኩ። ሦስተኛው መስመር ከሌሎቹ ትንሽ ወፈር ይላል፤ እንዳልጫን ተነግሮኝ ተጭኜዋለሁ። ጡቦቹ ግን ከላይም ከታችም ደኅና ናቸው። ፎቶ አነሳሁና ለፌቨን ላክሁላት፤ ከሥሩም በራሳችን ፊደል፣ ያለ ‹ን›፣ «ኖራ» ብዬ ጻፍኩ።